የሚሸጥ ቤት ግድግዳ

ግድግዳ ጆሮ አለው ሲባል እየሰማን አድገናል። አፍም እንዳለው ግን የተማርሁት በ2017 ዓ.ም. ክረምት፤ አክስቴ ቤታቸውን ለመሸጥ በተነሡ ጊዜ ነው። በዚህ ሳምንት ከአንባቢዎቼ ጋር ልጫወተው ያሰብሁት ነገር ይኸው ነው፤ ይኸውም ሰው ቤቱን ለገዢ በሚያሳይበት ጊዜ በግድግዳው ላይ ምን ቢሰቅል፤ ምንስ ቢያወርድ ይሻላል የሚለው ነው። ጉዳዩ ቀላል ይመስላል፤ እኔም ቀላል መስሎኝ ነበር። ነገር ግን የገንዘብም፤ የፍቅርም፤ የሐቀኝነትም ጥያቄ ያለበት ሆኖ ተገኘ።

ከመነሻው ልንገራችሁ። የአክስቴ ባል ዕድሜያቸውን በመንግሥት ሥራ ያሳለፉ ሰው ነበሩ። ቤቱን የሠሩት አቅማቸው እንደ ፈቀደ በየጊዜው እየቀጠሉ ስለ ነበረ የፊቱ ክፍል የጭቃ፤ የኋለኞቹ ሁለት ክፍሎች የብሎኬት ናቸው። እሳቸው ካረፉ ሰባት ዓመት ሆኗል። ልጆቹም አድገው በየፊናቸው ሄደዋል። አክስቴ ከታናሽ ልጃቸው ዘንድ ሄደው ለመኖር ስለ ቈረጡ ቤቱ ይሸጥ ተባለ፤ ደላላም ተጠራ።

ደላላው ሳሎን ገብቶ ዙሪያውን ከተመለከተ በኋላ፤ «እማማ፤ ቤቱስ ጥሩ ነው፤ ግድግዳው ግን ሰው በዝቶበታል» አላቸው። ሐሰት አልተናገረም። ከሶፋው በላይ የሠርጋቸው ፎቶግራፍ አለ። ከጎኑ ሦስቱም ልጆች ጥቁር ካባና ባለ ዘርፍ ቆብ አድርገው የተመረቁበት ይታያል። ከዚያ ቀጥሎ የልጅ ልጆች ክርስትና፤ ከበሩ በላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ፤ በስተቀኝ እመቤታችን ከነልጇ፤ በስተግራ ጣዎስ ያለበት የግድግዳ ሥጋጃ ተሰቅሏል። የባንክ የቀን መቁጠሪያም ሁለት አለ፤ አንደኛው የ2014 ዓ.ም. ሲሆን ሥዕሉ ደስ ስለሚል ሳይወርድ የቀረ ነው። ከሁሉም ከፍ ብለው ደግሞ ሟቹ ጋሼ ከረባታቸውን አሥረው፤ በትልቅ ፍሬም ውስጥ ሆነው ወደ በሩ ይመለከታሉ። አንድ በአንድ ብቈጥረው 23 ሆነ።

«ሁሉም ይውረድ» አለ ደላላው።

አክስቴ ነጠላቸውን አስተካከሉና፤ «የልጆቼ አባት በገዛ እጁ ከሠራው ቤት በደላላ ቃል አይወርድም» አሉ። ከዚያ በኋላ ቡናው ተጠጥቶ እስኪያልቅ የተናገረ ሰው አልነበረም።

ማታ በቨርጂንያ ለምትኖረው ለአክስቴ ታላቅ ልጅ ስልክ ደወልንና የሆነውን ነገርናት። እርሷ ሳቀች። እርሷም እዚያ ቤቷን በሸጠች ጊዜ አሻሻጭዋ የቤተ ሰቧን ፎቶግራፍ፤ የአማርኛውን የቀን መቁጠሪያና በፍሬም ያለ የጸሎት ጽሑፍ ሳይቀር አስወርዳት በምትኩ ሦስት ሥዕሎች ብቻ እንዳሰቀለቻት ተረከችልን። በአሜሪካ ይህ ነገር ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1972 በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ቤት ታሻሽጥ የነበረች ባርብ ሽዋርዝ የተባለች ሴት እንደ ጀመረችው ይነገራል። የሥራው ስም በእንግሊዝኛ የተወሰደው ከቴአትር መድረክ ነው፤ ተዋናዩ ሳይገባ መድረኩ እንደሚሰናዳ ሁሉ፤ ገዢው ሳይመጣ ቤቱ ይሰናዳል ማለት ነው። የዚያ አገር የቤት አሻሻጮች ብሔራዊ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 እና በ2025 ባወጣቸው መግለጫዎች ከ100 የገዢ ወኪሎች ከ80 የሚበልጡት፤ የተሰናዳ ቤት ገዢው በዚያ ሲኖር ራሱን በሐሳቡ እንዲያይ ይረዳዋል ብለዋል። ከክፍሎቹም ሁሉ የበለጠ ትኩረት ይገባዋል የተባለው ሳሎኑ ነው።

እንግዲህ የነገሩ ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። ገዢ ወደ ቤቱ ሲገባ በልቡ የሚጠይቀው፤ «የእኔ አልጋ የት ይሆናል? ልጄ የት ታጠናለች?» እያለ ነው። ነገር ግን ከየግድግዳው የሌላ ሰው አባት፤ የሌላ ሰው ሙሽራና የሌላ ሰው ተመራቂ ዓይን ዓይኑን ቢያዩት ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ጫማውን ይመለከታል፤ እንግዳ ይሆናል። እንግዳ ደግሞ አመስግኖ ይወጣል እንጂ ቤት አይገዛም። ስለዚህ ደላላው በአነጋገሩ ቢያጠፋም በአሳቡ አልተሳሳተም ነበር።

አክስቴን ያሳመናቸው ግን የእኔ ትምህርት ሳይሆን የልጃቸው አንዲት ቃል ናት፤ «እማዬ፤ ደላላው ከሚያወርደው አንቺ አውርጂውና በክብር ጠቅልይው። ለጕዞ መዘጋጀትሽ እንጂ መጣልሽ አይደለም» አለቻቸው። በማግሥቱ ሥራውን ጀመርን። ፎቶግራፎቹን አንድ በአንድ እያወረድን በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለልን። በጀርባቸውም የሰዎቹን ስም፤ ቦታውንና ዓመተ ምሕረቱን በእርሳስ ጻፍን። ከ23ቱ መካከል በ9ኙ ላይ ያሉትን ሰዎች ለይተው የሚያውቁ አክስቴ ብቻ ሆነው ተገኙ። እሳቸው ባይነግሩን ኖሮ እነዚያ ሰዎች ለእኛ ለዘለዓለም ስም የሌላቸው ፊቶች ሆነው ይቀሩ ነበር። አንባቢዬ፤ ቤት የምትሸጥ ባትሆንም እንኳ ይህን አንዱን ሥራ ከእናትህ ወይም ከአያትህ ጋር ዛሬውኑ ብትጀምረው አትጸጸትም።

ቅዱሳት ሥዕላትን በሚመለከት አክስቴ ማንንም አላማከሩም። በመኝታ ቤታቸው ወዳለው የጸሎት ስፍራ ራሳቸው ይዘዋቸው ገቡ። እኔም ትክክል ነው እላለሁ። የቅዱስ ሥዕል ለጸሎት የተሰቀለ ነውና ለገዢ ማባበያ ሊሆን አይገባውም፤ ሃይማኖቱ ሌላ የሆነ ገዢ ሲመጣም እሱም አይሸማቀቅ፤ ሥዕሉም አይቃለል። የጋሼም ፎቶግራፍ ከአልጋው ራስጌ ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ።

ሁሉም ከወረደ በኋላ ግድግዳው ምን መስሎ እንደ ቀረ ብታዩት! ጢስና አቧራ ያላገኛቸው 23 ነጫጭ አራት ማዕዘኖች ከነምስማር ቀዳዳቸው ቍጭ አሉ። ሥዕል ካወረዱ ቀለም መቀባት ግዴታ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳን። ምስማሩ ተነቀለ፤ ቀዳዳው በስቱኮ ተደፈነ፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ታሸ፤ ከዚያም የወተት መልክ ያለው ቀለም ሁለት ጊዜ ተቀባ። ክፍሉ ሰፋ፤ ብርሃንም አገኘ። ነገር ግን ባዶ ሆኖ ሲታይ ደግሞ ገና እንዳልተገባበት መጋዘን ቀዘቀዘ፤ ድምፃችን እንኳ ያስተጋባ ጀመር። እንግዲህ ጥቂት ሥዕል ያስፈልጋል ማለት ነው። ግን የትኛው? የትስ ላይ?

በዚህ ነገር የሠለጠኑ ሰዎች የሚከተሉት ሥርዓት ከባድ አይደለም፤ ሜትርና እርሳስ ያለው ሁሉ ሊፈጽመው ይችላል።

መጀመሪያ፤ ከብዙ ትንንሽ ሥዕሎች አንድ ትልቅ ይሻላል። ትንንሹ ዓይንን ይበትናል፤ ትልቁ ያሳርፋል። ከሶፋ በላይ የሚሰቀል ሥዕል ወርዱ የሶፋውን ሁለት ሦስተኛ ያህል ወይም ጥቂት በለጥ ያለ ቢሆን መልካም ነው፤ ሶፋው 2 ሜትር ከሆነ ሥዕሉ ከ130 እስከ 150 ሳንቲሜትር ይሆናል ማለት ነው። አንድ ትልቅ ካልተገኘ ሁለት ወይም ሦስት እኩል የሆኑትን ከ5 እስከ 8 ሳንቲሜትር እያራራቁ በአንድ መስመር መስቀል ይቻላል።

ሁለተኛ፤ በአገራችን ቤቶች ዘወትር የማየው ስሕተት ሥዕልን ወደ ኮርኒሱ አስጠግቶ መስቀል ነው። የሥዕሉ መካከል ከወለሉ 145 ወይም 150 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ቢል ከቆመ ሰው ዓይን ጋር ይገናኛል። ከሶፋ በላይ በሚሆንበት ጊዜ ግን ከሶፋው መደገፊያ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ብቻ መራቅ አለበት፤ ከዚያ ከበለጠ ሥዕሉና ዕቃው የተጣሉ ጎረቤቶች ይመስላሉ።

ሦስተኛ፤ ሥዕሉ ከክፍሉ አንድ ቀለም ቢዋስ ይስማማል። መጋረጃው አረንጓዴ ከሆነ በሥዕሉ ውስጥ ጥቂት አረንጓዴ ይኑር። ጦርነት፤ የፖለቲካ መሪ፤ የኳስ ቡድን ምልክትና የመሳሰለው ግን ከገዢዎቹ ግማሹን ያስደስት እንደ ሆነ ግማሹን ያስከፋል፤ ስለዚህ ቢቀር ይሻላል። የአገር መልክ፤ አበባ፤ የገበያ ቀን ወይም ቀለም ብቻ የሚናገርበት ሥዕል ማንንም አያስቀይምም።

አራተኛ፤ ዛሬ ገዢው ቤቱን በእግሩ ከማየቱ በፊት በስልኩ ላይ በፎቶግራፍ ያየዋል። በመስተዋት የተሸፈነ ሥዕል ከመስኮት ፊት ለፊት ከተሰቀለ በፎቶው ላይ ነጭ ብልጭታ ብቻ ሆኖ ይወጣል። በዚያ ቦታ መታያ መስተዋት ቢሰቀል ግን ከመስኮቱ የሚገባውን ብርሃን መልሶ ለክፍሉ ይሰጣል።

አምስተኛ፤ ምስማሩ ግድግዳውን ይወቅ። በጭቃ ቤት ምስማር በጭቃው ላይ ቢመታ ልስኑን ይዞ ይወርዳል፤ በጣት እያንኳኩ ቋሚውን እንጨት ማግኘት ያስፈልጋል። በብሎኬት ግን በመሰርሰሪያ ተበስቶ ፊሸር ከገባበት በኋላ ብሎን ቢታሰር ከባዱንም ፍሬም ይሸከማል።

ሥዕል ከየት ይገኛል? ለሚለው ጥያቄ ደላላው ያቀረበልን በላስቲክ ላይ የታተመ የባዕድ አገር ባሕር ዳርቻ ነበር። እኔ ግን ደሞዝተኛም ቢሆን የአገሩን ሠዓሊ ቢፈልግ ያገኛል ባይ ነኝ። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የኖረው ጥበባችን ወደ መኖሪያ ቤት ሲገባ ዕድሜው ቀላል አይደለም፤ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ አዲስ አበባ የነበሩ ሠዓልያን የንግሥተ ሳባን ታሪክ ብዙውን ጊዜ በ44 ትንንሽ ክፍሎች እየሣሉ ለውጭ አገር እንግዶች ይሸጡ ነበር፤ እነሆ እስከ ዛሬም ይሣላል። በ1950 ዓ.ም. አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከመሠረቱ ወዲህ ደግሞ አዲስ ትውልድ ተነሥቷል፤ ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያን በዚያ አስተምረዋል። የአፈወርቅ ተክሌን የአፍሪካ አዳራሽ ባለ ቀለም መስተዋት፤ 150 ካሬ ሜትር የሆነውን፤ ያየ ሰው ሥዕል ለአንድ ክፍል ምን እንደሚያደርግለት አስተማሪ አያስፈልገውም። የእነዚህን ታላላቆች ሥራ መግዛት የእኛ ዕጣ አይደለም። ነገር ግን ዛሬ በመሥራቹ ስም በሚጠራው በዚያው ትምህርት ቤት ተመራቂዎቹ ሥራቸውን ለሕዝብ ያሳያሉ፤ የጀማሪ ሠዓሊ ሥራ ከጀማሪ ሠራተኛ ኪስ ጋር አንዳንድ ጊዜ ይስማማል። ይህም ባይሆን አንድ የሐረር ሰፌድ፤ ወይም በፍሬም የገባ የጥለት ቍራጭ ግድግዳን ያስከብራል።

እኛም እንዲሁ አደረግን። ከሶፋው በላይ ከአንድ ወጣት ሠዓሊ የገዛነው የገበያ ቀን ሥዕል ተሰቀለ። በመመገቢያው በኩል የአክስቴ ሦስት ሰፌዶች ተደረደሩ። በቃ። ጎረቤቶች መጥተው፤ «ቤቱ ታድሷል እንዴ?» እያሉ ጠየቁ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ እኔም በኩራት እደመድመው ነበር። ነገር ግን የሚያሳፍረኝን ክፍል ትቼ መልካሙን ብቻ ብነግራችሁ ይህን ዓምድ እኔው ራሴ በሥዕል ሸፈንሁት ማለት ነው።

በብሎኬቱ ክፍል፤ ከመስኮቱ ጎን፤ የተሰበረ አሸንዳ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ያንጠባጠበበት ግድግዳ ነበር። ልስኑ አብጦ፤ እንደ ካርታ ያለ ቡናማ ምልክት ወጥቶበታል። አንድ እሑድ አክስቴ ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት ሰዓት ደላላው ወርዱ አንድ ሜትር የሚሆን የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ሥዕል ተሸክሞ መጣና፤ «መምህር፤ እስቲ ይህችን እዚያ ላይ እንስቀላት» አለኝ። ገባኝ። ቢሆንም «ያሳምረዋል እንጂ ምን ይጎዳል» ብዬ ራሴን አታለልሁና መሰርሰሪያውን ያዝሁለት። በዚህ ዓይነት ፏፏቴው በፏፏቴ ላይ ተሰቀለ።

በሦስተኛው ቀን ገዢዎች መጡ፤ ወጣት ባልና ሚስት ናቸው። እሱ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ፤ እርሷ ነርስ፤ ከደሞዛቸው እየቈረጡ ለብዙ ዓመታት ያጠራቀሙ፤ የቀረውን ከዘመድ የተበደሩ ሰዎች እንደ ሆኑ ከንግግራቸው ተረዳን። ሳሎኑን ወደዱት። ወደ ኋለኛው ክፍል በገባን ጊዜ ሚስትየዋ በፏፏቴው ሥዕል ፊት ቆመችና፤ «ይህ የልጃችን ክፍል ይሆናል። ሥዕሉስ ከቤቱ ጋር ነው?» ብላ ጠየቀች። ደላላው፤ «አዎን፤ በምርቃት ነው!» አለ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

አክስቴ ሥዕሉን ያን ጊዜ ገና ልብ ብለው ማየታቸው ነበር። ጥቂት ዝም አሉ፤ ከዚያም ቀረብ ብለው፤ «አንተ ልጅ፤ ና አውርደው» አሉኝ። አወረድሁት። ምልክቱ ተገለጠ። «ልጆቼ» አሉ አክስቴ፤ «ሥዕሉን እመርቅላችኋለሁ፤ ከኋላው ያለውን ግን አይታችሁ ግዙ። የልጅ መኝታ ነው ካላችሁ ርጥበት ለልጅ ደረት አይሆንም።»

ባልና ሚስቱ ተያዩ፤ አመስግነው ሄዱ። ደላላው፤ «ገዢ በእጃችሁ አባረራችሁ» ብሎ ተቈጣ። አንድ ሳምንት ስልክ አልተደወለም። አክስቴ ግን እንቅልፍ አላጡም፤ እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ። ክፍል ውስጥ ገብቼ ከጓደኛው የቀዳውን ተማሪ ስገሥጽ የፏፏቴው ሥዕል በዓይኔ ላይ ይመጣብኝ ነበር።

በስምንተኛው ቀን ሰዎቹ ግንበኛ ይዘው ተመለሱ። ግንበኛው አሸንዳውን፤ ግድግዳውንና ጣሪያውን መርምሮ፤ ጕዳቱ ከአሸንዳው እንጂ ከመሠረቱ አለመሆኑን አስረዳቸው። አሸንዳው ተለውጦ ልስኑ እንደ ገና የሚሠራበት ወጪ ተገምቶ ከዋጋው ተቀነሰ፤ ውልም ተጻፈ። ባልየው ያለኝን አልረሳውም፤ «ያን ቀን ያሳዩንን ባያሳዩን ኖሮ ሌላውንም ሁሉ ባላመንን ነበር» አለኝ።

ሕጉም ቢሆን ከአክስቴ ጋር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፤ ሻጭ የዕቃውን ጕድለት በተንኰል ከሸሸገ፤ «ለጕድለቱ ኀላፊ አይደለሁም» ብሎ በውል ቢያስጽፍ እንኳ ያ ቃል አያድነውም ይላል። አክስቴ ይህን አንቀጽ አላነበቡም። እኔ ግን የተማርሁ ነኝ ባዩ ቀዳዳውን በሰረሰርሁ ጊዜ ሕግም ትምህርትም አላስታወሰኝም።

እንግዲህ ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ምንድን ነው? ለሚሸጥ ቤት ሥዕል መምረጥ ነውር አይደለም። ፊትን ታጥቦ፤ ልብስን ለውጦ እንግዳ እንደ መቀበል ያለ ጨዋነት ነው። ወሰኑ ግን ግልጽ ነው፤ ሥዕል ያለውን ውበት ሲያሳይ ጌጥ ነው፤ ያለውን ጕድለት ሲሸሽግ ግን ሐሰተኛ ምስክር ነው። ቤት ልትገዙ የምትሄዱም ሁሉ፤ ሥዕሉን ካደነቃችሁ በኋላ «ይቅርታ፤ አንድ ጊዜ አንሥቼ ልየው?» ማለትን አትፈሩ። ሐቀኛ ሻጭ አይቀየምም።

ገና የራሳችን ግድግዳ የሌለን፤ በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ የምንኖር ወጣቶችም ብንሆን፤ ካርቶን ከምንለጥፍበት አንድ በወጉ የተመረጠ ሥዕል በዓይናችን ትክክል ብንሰቅል ክፍሏም ትሰፋለች፤ ልባችንም ያርፋል።

አክስቴ ቤቱን የለቀቁት በጥቅምት ወር 2018 ዓ.ም. ነው። ዕቃው ሁሉ በአይሱዙ ተጭኖ ሲያበቃ የጋሼን ፎቶግራፍ ለማንም አልሰጡም፤ በነጠላቸው ጠቅልለው ከፊት ወንበር ላይ ታቅፈውት ተቀመጡ። በአዲሱ ቤት መጀመሪያ የተመታው ምስማር የእሳቸው ነው። ሜትሩን ይዤ ነበርና በ145 ሳንቲሜትር ላይ ልሰቅለው ስል አክስቴ፤ «ከፍ አድርገው ልጄ፤ እሱ ወደ ላይ ሲያዩት ነው የለመድነው» አሉኝ። ከፍ አደረግሁት።